ሻንጣህን ገና አልፈታኸውም አይደል?

የኔ ጌታ እንዴት ነህልኝ? ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ከኋላህ ሻንጣህ እንደተቆለፈ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አየሁት፣ ከሄድክ እኮ ሁለት ወር አለፈህ፣ መጋረጃውም በጠራራ ፀሐይ ዝግ ነው። "ደክሞኝ ነው እማ" አልከኝና እኔም ያቺን የማትረባ ምክሬን ለቀቅኩብህ፣ ጠንከር በል፣ ስንቱ ሥራ አጥቶ ቁጭ ብሎ የለም ወይ ምናምን። ስልኩን ከዘጋን በኋላ አንጀቴ ተላወሰ። ይቅር በለኝ ልጄ።

ከዛ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገርኩ (ስምህን አላነሳሁም፣ አትደንግጥ)። አጀስትመንት ዲስኦርደር የሚባል ነገር አለ አለችኝ። ሰው ትልቅ ለውጥ ሲገጥመው፣ አገር ሲቀይር፣ ሲፋታ፣ ሲታመም፣ በ3 ወር ውስጥ ይጀምረዋል፣ ጭንቀቱ ከነገሩ በላይ ይሆንበታል ወይ ሥራውንና ኑሮውን ያናጋበታል፣ ሐሳቡ እዛው ነገር ላይ ሲዞር ይውላል። ያስጨነቀው ነገር ሲያልፍ ብዙ ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይለቃል፣ ነገሩ ራሱ ካልተቋረጠ ግን ሊቆይ ይችላል። ያንተ እሱ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፣ ያዘነ ሁሉ ታሟል ማለትም አይደለም፣ የሚመረምርህ ባለሙያ ይለየው። ለውጡ ደግሞ የግድ መጥፎ መሆን የለበትም ስትለኝ ነው እኔ ዝም ያልኩት። እድገት አግኝቼ ወደ ሌላ ቢሮ የተዛወርኩ ጊዜ ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ እያለኝ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቅስ ነበር፣ ዓይኔ ሲቀላ ጉንፋን ነው እላለሁ። ለአባትህ እንኳን አልነገርኩትም፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

ሕክምናው በዋናነት ከባለሙያ ጋር ማውራት ነው፣ መድኃኒት ካስፈለገም ሐኪም ነው የሚያዝልህ፣ ከጓደኛህ ኪኒን እንዳትቀበል። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ያልካትን ቢራም ተዋት፣ ቶሎ ታስተኛህና ሌሊት መልሳ ትቀሰቅስሃለች። ሌሊት እንቅልፍ ባይወስድህም ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነስ፣ መጋረጃውን ክፈት፣ ሻንጣውንም በአንዴ ፍታው አልልህም፣ ዛሬ ሸሚዞቹን ብቻ አውጣ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም። "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? "ቀላል ነው፣ ያልፋል" ተብሎ የሚተው ሐሳብ አይደለም። ከመጣብህ ሌሊትም ይሁን ደውልልኝ፣ ብቻህን አትቀመጥ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ይዘህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። አልቆጣህም፣ አላለቅስብህም (እሺ፣ ትንሽ ላለቅስ እችላለሁ)።

እሁድ እደውላለሁ። ሻንጣውን ደግሞ እንዳላይብህ ብለህ አልጋ ስር እንዳትከተው፣ አውቅብሃለሁ።

እናትህ