የኔትወርክና የሳይበር ደህንነት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በትምህርት ቤታችን ክበብ ሲባል ሚኒ ሚዲያው፣ ቀይ መስቀሉና የአካባቢ ጥበቃው ቀድመው እንደሚታወሱ አውቃለሁ፤ የአንዱ ድምፅ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይሰማል፣ የሌላው ችግኝ ከበሩ ጀምሮ ይታያል። የእኛ ክበብ ግን ስሙ የሚነሣው የመምህራን ማረፊያው ዋይፋይ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት ገጽ እንዲሰጠኝ የመጽሔቱን አዘጋጆች ለምኛለሁ፤ ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

ክበቡ 21 አባላት አሉት፤ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ዓርብ ዓርብ ከ9፡30 ጀምሮ በአይሲቲ ክፍል ተሰብስበናል፤ ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ ዕቅድ ጸድቋል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ መብራት የጠፋባቸው ዓርቦችም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሳለ ንድፍ አልፈዋል። ስለ ስብሰባዎቹ ይህ ይበቃል።

በመስከረም የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ «ልጆቻችንን ሀከር ልታደርጓቸው ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በየዓመቱ ለእኛ ብቻ መቅረቡ ግን ትንሽ ያስተዛዝባል። የመጀመሪያውን ወር አንድም ኮምፒውተር ሳንነካ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን በማንበብ እንዳሳለፍነው፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ምንም ነገር ባይሰረቅም እንኳ ወንጀል መሆኑን እያንዳንዱ አባል በጽሑፍ መልሶ እንዳስረዳ ለጠያቂዎቹ አሳይቻለሁ። ወረቀቶቹ አሁንም ቢሮዬ ውስጥ ስላሉ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዓለም በዘርፉ የት እንደደረሰ ከራሳችን ግቢ ጋር እያነጻጸርን ተማርን። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው የቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ቀጠሮ አሰርዟል። ተማሪዎቹን ያስገረመው ግን የጥቃቱ ስፋት አልነበረም፤ ማይክሮሶፍት ፕሮግራሙ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ በዚያው ዓመት መጋቢት፣ አውጥቶት ነበር። በብዛት የተጠቁት ዊንዶውስ 7ን የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች መሆናቸውን ስነግራቸው ሁሉም ዞር ዞር ብለው የክፍሉን ኮምፒውተሮች አዩ። ካሉን 26 ኮምፒውተሮች 11ዱ ያኔ በዊንዶውስ 7 ነበር የሚሠሩት፤ የዚህ ሥርዓት መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥር 2012 ዓ.ም. አብቅቷል። የቀሩት 15ቱ ዊንዶውስ 10 ናቸው፤ የእነርሱም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የቲፒኤም 2.0 ቺፕ (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ አካል) የያዘ ኮምፒውተርም አንድ እንኳ የለንም። አባላቱ ከዚያ ወዲህ በአራቱ አሮጌዎች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጭነው እየተጠቀሙባቸው ነው። ይህ መልካም ልምምድ ቢሆንም በጀት ነው ተብሎ እንዳይያዝልን እሰጋለሁ።

በጥቅምት ስለ «ሚራይ» ስናጠና ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በየቤቱና በየድርጅቱ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት አድርጎ ያሰለፈው በረቀቀ ጥበብ ሳይሆን ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸውን የይለፍ ቃል በመሞከር ብቻ ነው። አንድ አባል እጁን አውጥቶ የእኛ ራውተር የይለፍ ቃል ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቀ። ርእሰ መምህራችን ባሉበት ከፍተን ስናይ ከካርቶኑ እንደወጣ ነበር። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው፤ በማግስቱ የወረቀት ሥራ ሳያበዙ በግቢው ያሉ የሁሉም መሣሪያዎች የይለፍ ቃል እንዲቀየር ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። የዓርብ ምሳ ሰዓት የፍላሽ ማጽዳት አገልግሎታችን የተጀመረውም ከዚያው ሳምንት ወዲህ ሲሆን፣ ፋይሎቻቸው ሁሉ ሾርትከት ሆነውባቸው የመጡ መምህራንን ስም በዝርዝር ላለመጥቀስ ቃል ገብተናል።

ጥፋታችንንም ልናገር። በኅዳር አንድ አባል የአንድን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ሣጥን) ላይ ሰክቶት መላው ግቢ፣ የውጤት ማስገቢያ ሳምንት ላይ የነበረው መዝገብ ቤት ጭምር፣ ግማሽ ቀን ያለ ኔትወርክ ቆየ። መልእክቱ መውጫ አጥቶ በቀለበቱ ውስጥ እየተባዛ ሲዞር መስመሩ ሁሉ ይታነቃል። ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታም ጠይቀናል። ሆኖም ራዲያ ፐርልማን የተባለችው የኮምፒውተር ባለሙያ ይህን ዓይነት ቀለበት ለይቶ የሚዘጋውን ዘዴ የቀመረችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ዘዴውን የሚያውቅ ስዊች ቢኖረን ኖሮ ያ ቀን አይደርስም ነበር። የእኛ ስዊች በርካሽነቱ የተመረጠ ነው።

አሁን ወደ ዓመቱ ትልቅ ቀን ልግባ፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ ኬብል መናገር አለብኝ። በጥር የኬብል ጫፍ መቆንጠጥ ስንለማመድ አንዲት ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪ (ስሟ እንዲጻፍ አልፈቀደችም) ከአይሲቲ ክፍል እስከ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደውን መስመር ወሰደች። ስምንቱን ክሮች ስትደረድር አረንጓዴውን ከነጭ አረንጓዴው አጠገብ አኖረችው፤ ጥንድ ስለሆኑ ጎን ለጎን መሆናቸው ለማንም ትክክል ይመስላል። በሁለቱም ጫፍ በዚያው መልክ ስለቆነጠጠችው መሞከሪያው ከአንድ እስከ ስምንት ያሉትን መብራቶች በተራቸው አበራ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ግን አንድ ጊዜ ይገናኛል፣ አሥር ጊዜ ይቋረጣል። እኔም በደረጃው መሠረት እንደገና ሥሪው ከማለት በቀር «መሞከሪያው አልፏል ካለ ለምን አይሠራም?» ለሚለው ጥያቄዋ የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኋትም። ደግማ ሠራችው፣ ሠራላት። አሮጌውን ጫፍ ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳስቀመጠችው ግን አላወቅሁም ነበር።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የከተማችን ድርጅት የሰርቨር ክፍሉን እንድንጎበኝ ፈቀደልን። ከፒያሳ በሰባት ባጃጅ ሄድን፤ ሒሳቡን ማን እንደከፈለ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። የሐዋሳን የመጋቢት ሙቀት ከበር ውጭ ትተን ስንገባ ክፍሉ እንደ ማቀዝቀዣ ይበርዳል፣ የማራገቢያዎቹ ድምፅም ጎን ለጎን ቆሞ ለመነጋገር ያስቸግራል። የኔትወርክ ባለሙያው እንዳስረዱን ቀደም ሲል ቅርንጫፎቹ በኪራይ መስመር ከዋናው ቢሮ ጋር ይገናኙ ነበር፣ ሁሉም ነገር በዚያው አልፎ ይወጣል፣ መግቢያው ላይ አንድ ጠንካራ ፋየርዎል (የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈትሽ መከላከያ) ማቆም ይበቃ ነበር። አሁን ቅርንጫፎቹ በተራ ኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር ይገናኛሉ፣ መስመሮቹን ሁሉ አንድ ሶፍትዌር ከአንድ ቦታ ያዛቸዋል፣ ሠራተኛውም በስልኩ ከቤቱ ይገባል። አጥሩ የቱ ጋ እንደሚያበቃ መናገር አስቸጋሪ ሆኗል። ጆን ኪንደርቫግ የተባለ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2010 «ዜሮ ትረስት» ብሎ የሰየመው አሠራር ለዚህ የመጣ መልስ ነው፦ በሩን ስላለፈ ብቻ ማንም አይታመንም፤ ሰውም ሆነ መሣሪያ በየደረሰበት ክፍል ማንነቱ ይጠየቃል፣ የሚከፈትለትም ሥራው የሚጠይቀው ብቻ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ሲባል ሁሉም ዝም አለ። ያቺ ልጅ ቦርሳዋን ከፍታ የተቆረጠውን የኬብል ጫፍ አወጣችና «ይቅርታ፣ ይህ ከተነሣንበት ርእስ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ መሞከሪያው ያለፈው ኬብል ለምን አልሠራልኝም?» አለች። ባለሙያው ኬብሉን ተቀብለው ትንሽ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም ወንበር ስበው ተቀመጡና ሽፋኑን በቢላዋ ላጡት። ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ለውበት እንዳልሆነ፣ በአንደኛው ክር የገባ ረብሻ በጥንዱ ላይም እኩል ስለሚገባ ተቀባዩ አጣፍቶ እንደሚያስወግደው፣ በ100 ሜጋ ቢት መስመር መረጃው በ1 እና 2፣ በ3 እና 6 ቁጥር እንደሚሄድ፣ እሷ ግን 3ኛውንና 6ኛውን ከተለያየ ጥንድ እንደወሰደቻቸው ክሮቹን እየፈቱ አሳዩዋት። መሞከሪያው የሚጠይቀው ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው፤ ጥንዱን አይጠይቅም። «ታዲያ ይህም እንደ ዜሮ ትረስቱ ነዋ» አለች፣ «መብራቱ በራ ብሎ ማመን አይቻልም።» ባለሙያው ሳቁና «ልጄ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስረዳሁትን አንቺ በአንድ ኬብል ጨረስሽው» አሏት። አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እኔ ሳልመልስላት የቀረሁትን ጥያቄ ሁለት ወር በቦርሳ ይዞ የዞረ ተማሪ ግን ሌላ አላጋጠመኝም። በመመለሻው ባጃጅ ውስጥ ብዙም አላወራሁም።

ከጉብኝቱ ተመልሰን መዝገብ ቤቱን ከአይሲቲ ክፍሉ ለየነው። በአግባቡ ቢሆን አንዱን ስዊች በሶፍትዌር ወደ ተለያዩ ቪላኖች (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው ወደሚሠሩ ንዑስ ኔትወርኮች) መክፈል ነበረብን፤ ያለን ስዊች ይህን ስለማይችል የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተሮች ከመጋዘን ባወጣነው አሮጌ ስዊች ላይ ለብቻቸው አደረግናቸው። ስለዚህ የተማሪዎች ውጤት ያለበት ኮምፒውተር ከፍላሽና ከጨዋታ ፕሮግራም ርቋል፣ መዝገብ ቤቱ ግን ለጊዜው ኢንተርኔት የለውም። የውጤት ፋይሎቹን ሁለት ቅጂ ይዘናል፤ የሙያው ልማድ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ ነው፤ ሦስተኛው ዲስክ የለንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ቪላን መክፈልና ቀለበት መከላከል የሚችል ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች እና አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ። የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ መለያ በማግኘቱ ከልብ ደስ ብሎኛል፤ ዋጋውን ግን ከስዊቹ ዋጋ ጋር አስተያይቼዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቻችንና በየድርጅቱ የምትሠሩ ወላጆች፣ አገልግሎት ላይ የዋለ ስዊችም ቢሆን እንቀበላለን። የዝርጋታ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ኬብሉን አባላቱ ራሳቸው ይቆነጥጣሉ። ያቺ ልጅ ከጉብኝቱ በተመለሰች ሰኞ፣ እዚያ እንዳየችው፣ ከቀይ መስቀል ክበብ በተዋስነው (እስካሁን ባልመለስነው) ነጭ ፕላስተር የግቢውን ኬብሎች ሁሉ በሁለቱም ጫፍ ስማቸውን ጽፋ ለጥፋባቸዋለች። በአይሲቲ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ምንም ዕቃ ባልተቀመጠበት ቦታ «ዋና ስዊች» የሚል ፕላስተር አለ።