ሄኖክን ማንም አላነሳውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ዘ ጎልደን ኮምፓስ» ሕፃናት እግዚአብሔርን የሚገድሉበት ፊልም ነው ሲባል እንሰማለን። በፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕይንት የለም። ክሱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ቦታውን ነው የሳተው።

ፊሊፕ ፑልማን ታሪኩን የጻፈው በሦስት መጻሕፍት ነው፤ በ1995፣ በ1997 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። በ2007 መጨረሻ የወጣው ፊልም የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ፣ እሱንም ሳይጨርስ ያበቃል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ሦስት ምዕራፎች አልገቡበትም። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ተለውጦ የሚነበበውና የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የላይራ ጓደኛ ሮጀር የሚሞተው ደግሞ በእነዚያ ምዕራፎች ነው። በታሪኩ ጨቋኙ የሃይማኖት ተቋም የሚጠራበት «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃልም ወጥቶ «ማጂስቴሪየም» ብቻ ቀርቷል፤ ቃሉ ካቶሊኮች የራሳቸውን የማስተማር ሥልጣን የሚጠሩበት ስለሆነ እነሱን ያረጋጋ ማለዘቢያ አልነበረም።

የአሜሪካው ካቶሊክ ሊግ ፊልሙ እንዳይታይ ሲቀሰቅስ ያቀረበው ምክንያት ከወሬው ይሻል ነበር፦ ፊልሙ ለዝቧል፤ ፊልሙን የወደደ ልጅ ግን ለገና መጻሕፍቱ ይገዙለታል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። የዚያው አገር የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የፊልም ክፍል በበኩሉ ፊልሙን አመስግኖ ጽፎ፣ ግምገማው ብዙም ሳይቆይ እንዲነሳ ተደረገ። 180 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ፊልም በአሜሪካ ያስገባው 70 ሚሊዮን ገደማ ነው። በሌሎች አገሮች 300 ሚሊዮን ገደማ ቢያገኝም፣ የፊልሙ ኩባንያ ኒው ላይን የውጭውን መብት አስቀድሞ ሸጦት ስለነበር ትርፉ ለገዢዎቹ ሆነ። ተከታዮቹ ፊልሞችም ሳይሠሩ ቀሩ።

ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ እንምጣ። «ባለሥልጣኑ» የሚባለው እዚያ ፈጣሪ አይደለም፤ ከሁሉ ቀድሞ የተገኘ፣ ኋላ የመጡትን «እኔ ፈጠርኳችሁ» ብሎ የዋሸ መልአክ ነው። ልጆቹ አርጅቶና ደክሞ ያገኙታል፤ አዝነው ከታሰረበት የመስተዋት ሣጥን ሲያወጡት ነፋስ ይበትነዋል። ይህን ግድያ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ፑልማን ራሱ በ2003 ለአንድ የአውስትራሊያ ጋዜጣ መጻሕፍቱ እግዚአብሔርን ስለ መግደል እንደሆኑ ተናግሯልና ከሳሾቹ ሐሳቡን ከራሳቸው አልፈጠሩትም።

ለእኛ የሚከብደው ሌላ ነው። በሽማግሌው ምትክ የሚገዛው ጨካኝ መልአክ ሜታትሮን ይባላል፤ መጽሐፉም ቀድሞ ሰው ሳለ የያሬድ ልጅ ሄኖክ እንደነበር ይነግረናል። የሚወድቀውም በሴት ምኞት ተታሎ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ሲሆን ከ81ዱ መጻሕፍታችን አንዱ ነው። በዚያ የሰው ልጆችን ሴቶች ተመኝተው የወረዱት 200 መላእክት ናቸው፤ ፍርዱን የሚያሰማቸው «ጸሐፌ ጽድቅ» የተባለው ሄኖክ ነው። ፑልማን ፍርድ አሰሚውን በተከሳሾቹ ወንበር አስቀምጦታል። ሄኖክ ሜታትሮን ሆነ የሚለው ግን ከግዕዙ የመጣ አይደለም፤ ሊቃውንት 3ኛ ሄኖክ ከሚሉት የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነው። ስለ ፊልሙ ያን ሁሉ የተጨቃጨቁት ይህን ሲያነሱት አላየንም።

ለሚተረጉሙም ሁለት ነገር እንበል። በታሪኩ የሰው ነፍስ በእንስሳ መልክ ከአካሉ ውጭ አብራው ትሄዳለች፤ ስሟም «ዴመን» ነው፣ ከግሪኩ «ዳይሞን»። ይህን «ጋኔን» ብሎ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ሕፃን ጋኔን ጎታች ያደርገዋል፤ «ዴመን» ብሎ ትቶ አንዴ ማብራራት ይሻላል። በታሪኩ «ደስት» የሚሉትን፣ ከሰው ንቃተ ኅሊና ጋር የተያያዘውን ረቂቅ ቅንጣት፣ ደግሞ «አቧራ» ካልነው ምንጩ ይጠፋል። የተወሰደው «አፈር ነህና፥ ወደ አፈርም ትመለሳለህና» ከሚለው ስለሆነ «አፈር» መባል አለበት።

ፊልሙን አይቶ «ምንም የለበትም» ያለ ወላጅ ከእነዚሁ መጻሕፍት ተሠርቶ ከ2019 እስከ 2022 የተላለፈውን የቴሌቪዥን ተከታታይ በዚያ አይመዝን፤ ሦስተኛው ምዕራፉ ሦስተኛውን መጽሐፍ ይዞ ሜታትሮንንም ያመጣል። ልጁ እዚያ ከመድረሱ በፊት ከመጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 12 እስከ 16 ያለውን ቢያነብ ምን እንደተገለበጠ ራሱ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ