የኔ ቢጤ

ውድ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ሚካኤል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነጠላህን የያዘህን ሽማግሌ «ወዲያ በል፣ ለማኝ!» ብለህ እንዳመናጨቅኸው አክስትህ ነግራኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለተኛ ማንንም በዚህ ቃል እንዳትጠራ።

በአያቶችህ አፍ የዚያ ሰው ስሙ የኔ ቢጤ ነው። ቢጤ እኩያ፣ አምሳያ ማለት ነውና ባለ ርስቱም ሆነ ባለ ጥሪቱ ደጁ ላይ የቆመውን ሰው በዚህ ስም ሲጠራ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ «እኔን የሚመስለው መጣ» ማለቱ ነበር። «ያንተ ቢጤ» ብትል ነገሩ ሌላ ነው፣ ስድብም ይሆናል፤ ምጽዋት ጠያቂውን የሚያመለክተው «የኔ» ሲባል ብቻ ነው። ቤተ ክህነት ደግሞ ከግእዙ ወስዳ ነዳያን ትላቸዋለች፤ «ብፁዓን ነዳያን በመንፈስ» የሚለውን ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። ዛሬ ግን የኔ ቢጤ የሚለው ቃል ከአፍ ብዛት ለዝቦ «የኔ» መባሉን ልብ የሚል የለም። እኔም ልብ አላልሁትም ነበር።

ጎጃም ቅኔ ስቆጥር፣ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ለምኖ መማር ወግ በነበረበት ዘመን፣ ደበሎ ለብሼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ከመንደር መንደር እዞር ነበር። አንድ ቀን ውሻ አሯሩጦኝ ባዶ አኮፋዳ ይዤ ስመለስ፣ የሥጋ ደዌ ጣቶቿን የጨረሰባት አሮጊት በደጀ ሰላሙ እግሯን ዘርግታ አገኘኋት። «አንቺ ለማኝ፣ እግርሽን ሰብስቢ!» አልኋት። ቀና ብላ አኮፋዳዬን አየችና «እሺ፣ የኔ ቢጤ» ብላ እግሯን ሰበሰበች። በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ይቅርታ እጠይቃታለሁ እያልሁ አፈርሁና በምሥራቁ በር መግባት ጀመርሁ፤ ቅኔውን ጨርሼ ከዚያ አገር እስክወጣ ድረስም በዚያ በር አላለፍሁም።

ስለዚህ ያን ቃል አትድገመው እልሃለሁ። የምትሰጠው ከሌለህ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለህ እለፍ፤ ይህንም ዓይኑን እያየህ በለው።

ሳል እንደ ያዘህም ሰምቻለሁ። የላክሁልህ ጋቢ ለሣጥን አይደለም፣ ማታ ማታ ልበሰው። በሚመጣው ወር በ12 ዝርዝር ብር ይዘህ ወደዚያው ሂድና ሽማግሌውን ፈልገው። ልጄ፣ በሌላ በር እንዳትገባ።

አባትህ