ለታምቡሩ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 24

ውድ ወንድሜ ታምቡር፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘጠኝ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ “እንደምን ከርመሃል” ስል ራሴም አፍሬያለሁ። ስልክህ በእጄ አለ፤ ግን የምነግርህ ነገር በስልክ አይሆንልኝም።

ባለፈው በገብርኤል ዕለት ከቅዳሴ ስወጣ እህትህን አደባባዩ ላይ አገኘኋት። ስልኳን አውጥታ የልጅህን ፎቶ አሳየችኝ። መነጽሬን አልያዝኩም ነበርና ዘንዶ የተጠመጠመባት መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ ሱዛፎን፣ ያ በሰውነት ላይ የሚጠመጠመው ትልቅ የነሐስ መሣሪያ ነው! ያቺ ስትሄዱ ጡት ያልጣለች ልጅ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትነፋለች አለችኝ። ትከሻውን ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ። የዚያ ከበሮ ማንገቻ አንገትህ ላይ የተወው ምልክት አሁንም አለ?

ማታ ልጄ ኮምፒውተሩን ከፍቶልኝ እስከ እኩለ ሌሊት ስለዚህ ባንድ ሳነብና ሳይ አመሸሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ባንዱ የተመሠረተው በ1878 ነው። በ1934 ዩጂን ዋይግል የሚባል መሪ ክላሪኔቱንም ሳክስፎኑንም አስወጥቶ ነሐስና ታምቡር ብቻ አስቀረ። የባንዳችን አለቃ ጋሼ ቢሰሙ ኖሮ ተነሥተው ያጨበጭቡ ነበር፤ ክላሪኔትን “የዶሮ ጫጩት” ሲሏት ትዝ ይልሃል? ሴቶችን ያስገቡት ግን በ1973 ነው። ለሠለጠነ አገር ትንሽ አልዘገየም? ቢሆንም ልጅህ ደርሳበታለች።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን በአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ላይ የሚያሳዩት “ስክሪፕት ኦሃዮ” የሚሉት ሰልፋቸው ነው። አንተ ከሜዳው ዳር ሆነህ አይተኸው ይሆናል፣ እኔ በመስኮት አየሁት በለው። የሰልፉ መሪ ፊት ፊት እየሄደ፣ ከኋላው ያ ሁሉ ሰው በአንድ መስመር እየተከተለው፣ እየነፉና አንዱ በሌላው መካከል እየሾለከ፣ የግዛቱን ስም እጅ ጽሑፍ አስመስለው ሣሩ ላይ ይጽፉታል። መጨረሻ ላይ “አይ” የምትባለዋ ፊደል ነጥብ ይጎድላታል። ያን ጊዜ አንድ ሱዛፎን ነፊ ከሰልፉ ተነጥሎ እየተውረገረገ ሄዶ አናቷ ላይ ይቆማል፤ ነጥቡ እሱ ነው። በ1936 ሲጀምሩት፣ እኛ ጋ ጣልያን አዲስ አበባ በገባ በመንፈቁ መሆኑ ነው፣ ነጥብ የሆነው ኮርኔት፣ ያቺን አጭር የትራምፔት ዘመድ፣ የሚነፋ ሰው ነበር። የኔ ዘር! በዓመቱ ዋይግል ግሌን ጆንሰን የሚባለውን ሱዛፎን ነፊ በሱ ቦታ አስገባው። በ1938 ደግሞ የሰልፉ መሪ ፈጥኖ ሙዚቃው ሳያልቅ ከቦታው ደረሰ። ጆንሰን ምን ያድርግ? የቀረውን ዜማ ለመሙላት እግሩን ወርውሮ ዞረና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ይኸው እስከ ዛሬ ሕዝቡ ብድግ ብሎ የሚጮኸው ያችን እጅ መንሣት ለማየት ነው።

ይህን ሳነብ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

መስከረም 2 ቀን 1978 ዓ.ም. የአብዮት በዓል። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ የከበሮህ ቆዳ ረግቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ከሰል አያይዘህ ስታሞቀው ዓይንህ በጢስ ቀልቶ ነበር። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ የትራምፔቴን ቁልፎች በልብስ ስፌት ዘይት አለሰልሳለሁ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ትሪቡኑ ፊት ስንደርስ ያንተ ሁለት ምት ትቀድማለች፣ ከዚያ እኔ። ስንደርስ አባቴን ከሕዝቡ መሃል አየሁት። አንድም ቀን ሊያየኝ መጥቶ የማያውቀው አባቴ! ደረቴን ነፋሁና ሁለተኛዋ ምት ሳትመታ ገባሁ። የኋላው ረድፍ እግሩ ተምታታ፣ ትሮምቦኑ የፊተኛውን ጀርባ ወጋው። አንተ ያችን ምት ደግመህ መታሃትና ሰልፉን መለስከው።

ጋሼ የሰሙት የተደገመችውን ምት ብቻ ነው። “ታምቡሩ ነው!” አሉ። ከበሮው ተወስዶብህ ዓመቱን ሙሉ ሰንደቅ ተሸክመህ ዞርክ። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ አየኸኝ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥተኸው አታውቅም። እኔም አላነሣሁትም። ጋሼም ሳልነግራቸው ባለፈው ዓመት አረፉ፣ ነፍስ ይማር። ቀብራቸው ላይ ልደውልልህ ስልኬን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

የቀደምኩት እኔ ነበርኩ፣ ወንድሜ። ታውቀው እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ከኔ አፍ አልሰማኸውም። ይቅር በለኝ።

ለልጅህ ግን ሌላውን ንገራት፤ ጋሼ ልምምድ ሲሰለቸን ይነግሩን የነበረውን። ከአድዋ በኋላ የሩስያው ንጉሥ ኒኮላይ ለምኒልክ የነሐስ መሣሪያ መላኩን፣ በፈረንጆቹ 1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ማምጣታቸውን፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ መድረሱን። ጋሼ “አርባ ልጆች” ሲሉ የገዛ አጎቶቻቸውን የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። “ሱዛፎን የያዝሽው ከየትም አይደለም” በላት።

እህትህ እንዳለችኝ ልጅቱ በሚመጣው መስከረም አራተኛ ዓመት ትገባለች፤ ነጥብ የመሆን ተራ የሚደርሳቸው ደግሞ አራተኛና አምስተኛ ዓመቶቹ ናቸው። ቀኑ ሲቆረጥ ጻፍልኝ። ጨዋታው በናንተ እኩለ ቀን ከሆነ በኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ መብራት ከጠፋም ብዬ የልጄን ስልክ ሞልቼ እጠብቃለሁ። ትራምፔቱን ሸጬዋለሁ፤ አፉን ግን አልሸጥኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የድሮው ትራምፔትህ