ለወፍጮ ቤታችን 50 ቆርቆሮ

የሀገሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ቅዳሜ ሰፈራችንን መትቶ የወፍጮ ቤታችንን ጣራ የወሰደውን ነፋስ ነገር ብዙዎቻችሁ በስልክ ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ጋ እንደውም «ሰፈሩ እንዳለ ጠፋ» የሚል ወሬ ደርሶ ስትደነግጡ ነበር። አልጠፋም። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንዲት ጊደር ላይ ባሕር ዛፍ ወድቆባት እግሯ ተሰብሯል፤ ሌላው የንብረት ጉዳት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጮቄ ተራራ ላይ ደመናው ጠቆረ። በግንቦት ማብቂያ የተለመደ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። ከዚያ ከደመናው ሥር እንደ ገመድ የቀጠነ፣ የሚሽከረከር ነገር ወደ መሬት ወረደ ይላሉ ያዩት። በበጋ አውድማ ላይ ገለባ እያነሳ የሚዞረውን አቧራ ሁላችንም እያባረርን ነው ያደግነው፤ ይሄ ግን እሱ አይደለም። ያኛው በጠራራ ፀሐይ ከጋለ መሬት ይነሳል፣ ይሄኛው ከነጎድጓድ ደመና ይወርዳል። ፈረንጆቹ ቶርኔዶ ይሉታል። ከ0 እስከ 5 ደረጃ ያወጡለታል፤ ደካማ የሚባለው የ0ው ራሱ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። የእኛው ቆርቆሮ ገፎ፣ ቅርንጫፍ ሰብሮ ነው የሄደው፤ ስለዚህ ከደካሞቹ መሆን አለበት። እናቴ «ጀበናው እስኪፈላ እንኳ አልቆየም» ነው ያለችኝ።

የሚገርመው መንገዱ ነው። የአንዱን ቤት ጣራ ነቅሎ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የጎረቤት ጭድ አልነካውም። አንድ ቆርቆሮ ከወንዙ ማዶ የሰው ድንች እርሻ ውስጥ እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ ተገኝቷል።

7 ቤቶች ጣራቸው ሄዶ ነበር። ለነሱ ብር አልጠይቃችሁም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደቦ ተጠርቶ፣ ወንዱ ከየጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ሴቶቹ ጠላና ንፍሮ ይዘው ወጥተው፣ የተቀደደውን በማዳበሪያ ከረጢትና በሸራ እየደፈኑ እስከ ረቡዕ ሁሉም ቤቱ ገብቷል። ከሚመለከተው ቢሮ ሰዎች መጥተው መዝግበው ሄደዋል። ይመጣል ብለዋል፤ ይምጣ።

የኔ ልመና ለወፍጮ ቤቱ ነው። በዕድራችን መዋጮ የሠራነው፣ የሁላችንም የሆነው። ጣራው ሙሉ በሙሉ የለም። ሞተሩን ሸራ አልብሰነዋል፣ ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) ፈትተን ሰው ቤት አስቀምጠናል፣ ግድግዳው ግን ጭቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ ለምታውቁት ሰዎች ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ እንዴ? በሁለት ሳምንት ይሟሟል። ያኔ የምንለምነው ለቆርቆሮ ሳይሆን ለአዲስ ቤት ነው።

እስከዚያው አስፈጪው ሁሉ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል፤ ጭነት ተሸክሞ የ2 ሰዓት መንገድ ነው፣ እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። አህያ የሌላቸው ሴቶች በጀርባቸው ነው የሚሸከሙት። እናቴ በ70 ዓመቷ ከጓዳ ጥግ የድንጋይ ወፍጮውን አውጥታ መጁን አጥባ ተንበርክካ መፍጨት ጀምራለች። «ለራት የሚሆን ብቻ ነው» ትላለች። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ጣራው ለምን እንዲህ በቀላሉ ሄደ ብለን ግንበኛና አናጺ አስጠይቀን ነበር፤ ጥፋቱ የኛም ነው። ትልቁ በር ክፍት ነበር፣ ነፋሱ ገብቶ ከውስጥ ወደ ላይ ገፋው። ቆርቆሮው ስስ፣ ባለ 35 ጌጅ ነው። ምስማሩም ቀጭን እንጨት ላይ ነበር የተመታው፣ ጣራውን ከግድግዳው ጋር ያሰረ ምንም ነገር አልነበረም። አሁን ወፈር ያለውን ባለ 32 ጌጅ፣ በደህና የሞራሌ እንጨት ላይ፣ ሞራሌውንም ከቋሚው ጋር በብረት አስረን ነው የምንሠራው። ርካሹን ገዝተን ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና እዚህ መጥቼ ብለምናችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

የሚያስፈልገው 50 ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሞራሌና ማሰሪያ ብረት ነው። ጉልበት አለን። የቆርቆሮ ዋጋ ጠዋትና ማታ ስለሚለያይ በብር አልጻፍኩላችሁም፤ በቆርቆሮ አስቡት። የቻለ አንድ፣ የቻለ አምስት፣ ያልቻለም ሦስት አራት ሆኖ አንዱን ቆርቆሮ ይጋራ። የምስማር ዋጋ ብቻ ያለው ሰውም እንዳያፍር፣ ያለ ምስማር ጣራ የለም።

ብሩ በኔ ስልክ አይገባም። በዕድሩ ስም የተከፈተ ሂሳብ አለ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚወጣው፣ አንዷ ፈራሚ ከሴቶቹ ናት። በቴሌብርም ወደዚያው ሂሳብ ማስተላለፍ ይቻላል። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ሌላ ሰው ቁጥር ቢልክላችሁ ግን እባካችሁ መጀመሪያ የዕድሩ ዳኛ ጋ ደውሉ። የተገዛበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።

ከሰኔ 12፣ ከሚካኤል በፊት መጫን አለብን፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው መኪና አያስገባም። አይሱዙ ያለው ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ባለ አይሱዙ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ነዳጁን እኛ እንሸፍናለን፣ ዛሬ ማታ ይደውልልኝ።