የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዘገባ፦ ከዋንጫው በፊት የት ነበረች?

የጠዋት ዜና፣ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያና የልደት መልካም ምኞት ዘንድሮም እንደ አምናው ቀጥለዋል። በእነሱ ቦታ አልፈጅም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በእረፍት ሰዓት ስለቀረበው የደቡብ አፍሪካን የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ስላሠለጠነችው ስለ ዴዚሬ ኤሊስ ተከታታይ ዝግጅት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የጽሑፍ ክፍሉ መጀመሪያ ያመጣልኝ ረቂቅ የሚነሳው ከድሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ደቡብ አፍሪካ ራባት ላይ አስተናጋጇን ሞሮኮን በሂልዳ ማጋያ ሁለት ጎሎች 2ለ1 አሸንፋ የሴቶች የአፍሪካ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ረቂቁ ሲነበብ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «አሰልጣኟ ከዚያ በፊት የት ነበረች?» ብላ ጠየቀች። ረቂቁ ተቀደደ።

ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1963 ኬፕታውን ተወለደች። በአፓርታይድ ምክንያት ፊፋ በ1976 ያባረራት ደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው በ1992 ስለሆነ፣ የሴቶቹ ቡድን ባንያና ባንያና በግንቦት 1993 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ኤሊስ 30 ዓመት ሞልቷት ነበር። ስዋዚላንድ 14ለ0 ተሸነፈች፤ ሦስቱ ጎሎች የእሷ ናቸው። ኑሮዋ ግን ከኳስ አልነበረም። የሥጋ ቅመም እየቀመመች ትተዳደር ነበር፤ ለጨዋታ ከሥራ በመቅረቷም ያንኑ ሥራ አጣች። ይህን ክፍል ያነበበችው ልጅ በልምምድ ጊዜ ሁለቴ አቋርጣ «እውነት ነው?» ብላኛለች።

የቡድኑ አምበል ሆና እስከ 2002 ተጫወተች። ዋና አሰልጣኝነቱ በቋሚነት የተሰጣት በ2018 ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ መሐል ያለው ዘመን ነው፤ ከሆላንዳዊቷ ቬራ ፓው ሥር ረዳት ሆነች፤ ፓው በ2016 ስትለቅ «ተጠባባቂ» ተብላ ቡድኑን ያዘች። ተጠባባቂ አሰልጣኝ ሲሸነፍ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ሲያሸንፍ ደግሞ ወንበሩ ገና የእሱ አይደለም። በ2018 ቡድኗ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በናይጄሪያ በመለያ ምት ተሸነፈ፤ በ2019 ዓለም ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ተመለሰ። አንዳንድ አባላት ይህ ይዝለል ብለው ነበር፤ አልፈቀድኩም። ያለዚያ በ2023 ዓለም ዋንጫ ተጫዋቿ ቴምቢ ካትላና በባከነ ሰዓት ጣሊያን ላይ አስቆጥራ ውጤቱን 3ለ2 ስታደርግና ቡድኑ ወደ ጥሎ ማለፍ ሲሻገር፣ ደስታው ምን ያህል እንደሆነ አድማጭ ከየት ያውቃል?

በዚያ ዓለም ዋንጫ ከተሳተፉት አራት የአፍሪካ ቡድኖች በሴት የሠለጠነው የእሷ ብቻ ነበር። ለምን? በሚለው ላይ የተካሄደው ክርክር ከዝግጅቶቹ ሁሉ ብዙ አድማጭ ያገኘ ይመስለኛል። አንዱ ተከራካሪ «ሴቶቹ ራሳቸው ስለማይፈልጉ ነው» አለ፤ ጭብጨባም አገኘ። እኔ አልተስማማሁም። ጎበዝ ተጫዋች መሆን የአሰልጣኝነት ፈቃድ አያስገኝም፤ ሥልጠናው ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ በረዳትነት የሚያስጠጋ ሰው ያስፈልጋል። ኤሊስ እንኳ በዚያ በር ነው የገባችው።

ለመጪው ዓመት ልጃገረዶቹ የራሳችንን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ የሉሲዎችን ታሪክ ሊሠሩ አቅደዋል። ድምፅ ማጉያው አሁንም የኋላውን ሕንፃ አይደርስም፤ አዲስ ገመድ ተጠይቋል።