በደሴቲቱ ስለተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድና ስለ ጥናቱ ሪፖርት የቀረበ ቅሬታ

ለከርሰ ምድር ውኃ ጥናትና ቁፋሮ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ጨዋማ ውኃ የሚያወጣ ጉድጓድ ስለማስረከባችሁ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ድርጅታችሁ አጥንቶና ቆፍሮ ያስረከበን የ62 ሜትር ጉድጓድ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ያወጣል ተብሎ ነበር። አሁን የሚያወጣው ውኃ ሳሙና እንኳ በወጉ አያረፋበትም። በራሳችሁ ሪፖርት መሠረት የፓምፕ ሙከራው ሲጀመር የውኃው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም (የጨዋማነቱ መለኪያ) 1,900 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲሜትር ነበር፤ ሲያበቃ 11,400 ደርሷል። የባሕር ውኃ 50,000 ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከሚወጣው ውኃ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ባሕር ነው ማለት ነው። ሪፖርቱ ግን ይህንን «ጊዜያዊ ጨዋማነት» ብሎ አልፎታል። አንቀበለውም፤ ምክንያቶቻችንን እናቀርባለን።

ደሴቲቱ ከላይ አሸዋና ያረጀ የኮራል ኖራ ድንጋይ፣ ከሥር ጅፕሰም (ሰልፌት ያለበት ማዕድን) የተቀላቀለበት ሸክላማ ድንጋይ ናት። ወንዝ የላትም፣ ተራራም የላትም። ያላት ጨው አልባ ውኃ ከዝናብ ሰርጎ በባሕሩ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ ሌንስ (መሐሉ ወፍሮ ዳርቻው የሚሳሳ ንብርብር) ብቻ ነው። የባሕር ውኃ እፍጋት 1.025፣ የጨው አልባው 1.000 ስለሆነ፣ ውኃው ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ሲል ከሥር እስከ 40 ሜትር ይወርዳል። ይህን ስሌት ተመራማሪዎቹ ጊበንና ሄርዝበርግ ካወጡት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። በቅርብ ባለው የእጅ ጉድጓድ የለካችሁት ከፍታ 0.35 ሜትር ነው። ስለዚህ ጨው አልባው ውኃ ቢበዛ ከባሕር ወለል በታች 14 ሜትር ድረስ ነው፤ ከመሬቱ ገጽ ሲለካ 18 ሜትር ገደማ። መሐል ላይ ሁለቱ የሚቀላቀሉበት ንብርብር ስላለ በእውነቱ ከዚያም ያነሰ ነው። ከዚያ በታች የቆፈራችሁት 44 ሜትር የተቆፈረው ባሕር ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ስክሪኑን (ውኃ የሚያስገባውን ቀዳዳ ያለበት የቧንቧ ክፍል) ከ9 እስከ 60 ሜትር ስላደረጋችሁት፣ ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ በአንድ ቧንቧ እንዲገናኙ መንገድ ተከፍቷል። በየብስ ተራራማ አገር «ጥልቅ ጉድጓድ አስተማማኝ ነው» ማለት ያስኬዳል፤ እዚህ ግን ጥልቀቱ ራሱ ነው ችግሩ።

ያች 0.35 ሜትር ራሷም አታስተማምንም። የተለካችው አንድ ጊዜ ነው፤ ሰዓቱ አልተመዘገበም። በኮራል ድንጋይ ውስጥ የባሕሩ መሙላትና መጉደል እየደከመና እየዘገየ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ የጉድጓዱ ውኃ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። የቅየሳ ወይም የሰዓት ስሕተት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በ40 ሲባዛ 4 ሜትር የሌንስ ውፍረት ያሳስታል። ትክክለኛው መንገድ አውቶማቲክ መመዝገቢያ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አስቀምጦ፣ አማካዩን ከታወቀ የባሕር ወለል መነሻ ነጥብ ጋር ማገናኘት ነው።

በሙከራው ላይም ብዙ አለን። ለስድስት ሰዓት ብቻ በሰከንድ 4 ሊትር ተስቧል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ 0.9 ሜትር ወርዷል። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 0.35 ከሆነ፣ ፓምፑ ሲሠራ ውኃው ከባሕሩ በታች ሆኗል፤ ጨዋማውን ወደ ታች ገፍቶ የሚይዘው ነገር አልቀረም። ጨዋማው ውኃ ከሥር እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ የገባው ለዚህ ነው። ፓምፑ ቢጠፋ ኮረብታው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የተቀላቀለው ጨው ግን ወራት ይቆያል። በዚያ ላይ የተሳበው ውኃ ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት ሜትሮች ርቆ በተቦረቦረ ኮራል ላይ ስለተለቀቀ ተመልሶ ሰርጓል፤ ስለዚህ 0.9 ሜትሩ ራሱ ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

«ጨዋማነቱ ከጅፕሰሙ የመጣ ነው፣ ሲሳብ ይታጠባል» የሚለውን የሪፖርቱን ማብራሪያ የላቦራቶሪ ውጤታችሁ ራሱ ያፈርሰዋል። ክሎራይድ 3,900፣ ሰልፌት 560 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ሰልፌቱ ለክሎራይዱ ያለው ድርሻ 0.14 ነው፤ የባሕር ውኃም ይኸው ነው። ጅፕሰም ሟሙቶ ቢሆን ኖሮ ሰልፌቱ ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር።

ሪፖርቱ ባሕሬንን ጠቅሶ «ከየብስ ከባሕር ሥር የሚመጣ ውኃ» እንዳለ ተስፋ ይሰጣል። ባሕሬን ከአረቢያ ምድር በተያያዘ የኖራ ድንጋይ ንብርብር ውኃ ይደርሳታል፣ በባሕሩ ወለል ላይ የሚፈልቁ ጨው አልባ ምንጮችም ነበሯት። እዚህ ግን ከጥልቅ ንብርብር ውኃ በራሱ ግፊት ከባሕር ወለል በላይ የሚወጣበት ጉድጓድ የለም፤ የውኃውን ምንጭ የሚለይ የአይሶቶፕ ምርመራም አልተደረገም። ለዚህች ደሴት የሚቀርበው ምሳሌ በቀይ ባሕር የምትገኘው የኤርትራ ደሴት ዳህላክ ከቢር ናት፦ በኮራሉ ድንጋይ ላይ ተጠርበው የተሠሩት የጥንት የዝናብ ማጠራቀሚያዎች የሚናገሩት ከሥር የሚታመን ውኃ እንዳልነበረ ነው።

ዝናብ በዓመት ለሌንሱ የሚጨምረው ውኃ ስሌትም የተጋነነ ነው። የሌንሱ ስፋት እንዳላችሁት 6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢሆንና ከዝናቡ 10 ሚሊ ሜትር ቢሰርግ፣ በዓመት የሚገኘው 60,000 ሜትር ኩብ፣ በቀን 164 ገደማ ነው። ያቀረባችሁት የ16 ሰዓት ፓምፕ በቀን 230 ይስባል። በበረሃ ደግሞ አማካይ ዝናብ ያታልላል፤ ውኃ የሚሰርገው በየጥቂት ዓመቱ በሚወርድ ከባድ ዝናብ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ፓምፑ ወዲያውኑ ይነሣ፣ ጉድጓዱም በሲሚንቶና በቤንቶናይት (ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ) ይዘጋ። ኬዚንጉን (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈውን ቧንቧ) ከውስጥ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ ከጀርባው ያለው የጠጠር ሙሌት ጨዋማውን ማሳለፉን ስለሚቀጥል ኬዚንጉ ተበስቶ ሲሚንቶ በግፊት ይግባ። ጅፕሰም ስላለ ሲሚንቶው ሰልፌት የሚቋቋም ይሁን። በምትኩ ከአማካይ የውኃው ደረጃ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ በጠጠር ተከቦ በቦይ ይዘርጋ፤ ውኃው በብዙ ርዝመት ላይ ስስ ሆኖ ይገባል፣ መውረዱም ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የኪሪባቲ ደሴት ታራዋ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በአቅራቢያው በ5፣ 10፣ 15 እና 20 ሜትር አጫጭር ስክሪን ያላቸው የመከታተያ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቆፈሩ፤ በአንድ ረጅም ጉድጓድ ከተለካ ውኃው ስለሚቀላቀል ውጤቱ አይታመንም። ሪፖርቱም ከነጥሬ መረጃው ታርሞ ይቅረብልን።

ጉድጓዱ ተዘግቶ የታረመው ሪፖርት እስኪደርሰን ድረስ የመጨረሻው ክፍያ እንደማይለቀቅ እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የደሴቲቱ የውኃ ኮሚቴ የቴክኒክ ቡድን

ግልባጭ፦ ለሥራው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ